«በ7,000 ዶላር የተሠራ ፊልም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ፊልም መሥራት ከሚመኝ ወጣት ጋር ትንሽ ካወራችሁ አንድ ቁጥር መስማታችሁ አይቀርም። 7,000 ዶላር። «ሮበርት ሮድሪጌዝ የመጀመሪያ ፊልሙን በ7,000 ዶላር ሠርቶ ሆሊውድ ገባ» ይባላል። ቀጥሎ 27,000 ይመጣል፤ እሱ የኬቪን ስሚዝ ነው። ከዚያ ስፓይክ ሊ በ12 ቀን ቀርጾ መጨረሱ ይነሣል።

ወሬው ውሸት አይደለም። ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚወራው። ቁጥሩ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው። ግማሹን ብቻ ሰምቶ ጥሪቱን ካሜራ ላይ ያፈሰሰ ሰው ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ስለ ቀረው ግማሽ ነው።

ጉዳዩ ሰሞነኛም ነው። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹን ያስተዋወቀው የሰንዳንስ ፌስቲቫል ከ40 ዓመት በላይ የኖረባትን የዩታ ግዛት ከተማ ፓርክ ሲቲን ለቆ፣ ከ2027 ጀምሮ ቦልደር በምትባል የኮሎራዶ ከተማ እንደሚካሄድ ተወስኗል። ፌስቲቫሉን ያሳደገው ተዋናዩ ሮበርት ሬድፎርድም በ2025 አርፏል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንዲፔንደንት ፊልም የሚባለው የትኛው ነው?

ልብስ ሰፊን አስቡ። አንዱ በትእዛዝ ይሰፋል። ደንበኛው ጨርቁን ያመጣል፣ ልኩን ይሰጣል፣ ይከፍላል፣ ካልጣመው ያስፈታዋል። የሆሊውድ ስቱዲዮ ፊልም እንዲህ ነው። እንደ ፓራማውንት ወይም ዋርነር ብራዘርስ ያለ ድርጅት ገንዘቡን ያወጣል። ስክሪፕቱ የእሱ ነው። ኤዲቲንጉ ላይ የሚጸናው የእሱ ቃል ነው። ሲኒማ ቤት የሚያስገባውም ራሱ ነው።

ሌላው ሰፊ ጨርቁን በራሱ ገንዘብ ይገዛል። በመሰለው ልክ ይሰፋና ልብሱን ትከሻው ላይ ጥሎ ገበያ ይወጣል። ገዢ ሊያገኝም፣ ይዞት ሊመለስም ይችላል። ኢንዲፔንደንት ፊልም ይኼኛው ነው። አስፈሪ፣ አስቂኝ ወይም የፍቅር ፊልም ሊሆን ይችላል። ስያሜው የሚናገረው ገንዘቡ ከየት እንደመጣና የመጨረሻውን ቃል ማን እንደያዘ ነው።

እዚህ ዓለም ውስጥ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም የተለየ ክብደት አለው። ጀማሪው ገንዘብ ሲጠይቅ «እስካሁን ምን ሠርተሃል?» ይባላል። የሚያሳየው የለውም። የሚያሳየው እንዲኖረው ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። ይህን ቋጠሮ የሚፈታለት የመጀመሪያው ፊልሙ ነው። ብዙዎቹም ፊልሙን የሚሠሩት ትርፉን አስበው ሳይሆን ሁለተኛውን ያስገኝልናል ብለው ነው።

7,000 ዶላሩ ምን ገዛ?

ሮድሪጌዝ በ1991 የ23 ዓመት የቴክሳስ ልጅ ነበር። ገንዘብ አልነበረውም። ኦስቲን ከተማ ውስጥ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ የሚሞከርበት ቦታ ገባና ሰውነቱን ለሙከራ ሰጥቶ ወደ 3,000 ዶላር ተከፈለው። የ«ኤል ማሪያቺ»ን ስክሪፕት የጻፈውም እዚያው ተኝቶ ነው። አብሮት ለሙከራ ከገቡት ሰዎች አንዱን የፊልሙ ክፉ ሰው አድርጎ አጫወተው።

ቀረጻው ድንበር ማዶ፣ በሜክሲኮዋ አኩኛ ከተማ ነበር። የጓደኛው የካርሎስ ጋላርዶ አገር ናት፤ ዋናውን ሚና የያዘውም ጋላርዶ ነው። ሮድሪጌዝ ታሪክ ጽፎ ሲያበቃ ዕቃ ፍለጋ አልወጣም። መጀመሪያ በእጃቸው ያለውን ቆጠረ። የጊታር ሣጥን፣ ውሻ፣ ኤሊ፣ አውቶቡስ፣ መጠጥ ቤት። ታሪኩን በእነዚህ ዙሪያ ሠራው።

ካሜራው የተዋሱት ነበር፤ ሲሠራ ይጮኻል። ስለዚህ ድምፅ አብሮ መቅዳት አልተቻለም። ሮድሪጌዝ ምስሉን ቀርጾ ሲጨርስ ተዋናዮቹን እዚያው አቁሞ ንግግራቸውን ለብቻው በቴፕ ይቀዳል። በኋላ ኤዲት ሲያደርግ ድምፁና ከንፈሩ አልገጥም ይሉታል። ያኔ ቶሎ ብሎ ወደ ሌላ ምስል ያልፋል፤ ወደ ውሻው፣ ወደ ሌላ ሰው ፊት። ተመልካች «ምን ዓይነት ፈጣን ኤዲቲንግ ነው!» ብሎ ካደነቀለት ነገር ብዙው ከዚህ ችግር የተወለደ ነው። ካሜራ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ስላልነበረው በሕመምተኛ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየተገፋ ቀረጸ። አብዛኛውን ትዕይንት የቀረጸው አንዴ ብቻ ነው። ያልተቀረጸበት ጥሬ ፊልም ውድ ነው፤ ድጋሚ አይታሰብም። በ14 ቀን ጨረሰ።

ገንዘቡ በአብዛኛው የሄደው ጥሬ ፊልም ለመግዛት፣ ለማሳጠብና ወደ ቪዲዮ ካሴት ለመገልበጥ ነው። ልብ በሉ፤ ወደ ካሴት። ሮድሪጌዝ ያሰበው ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች የቪዲዮ ገበያ ሊሸጠው ነበር። ሲኒማ ቤት የሚታይ ቅጂ ከእጁ አልወጣም። ኮሎምቢያ የሚባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ ፊልሙን ሲገዛው ምስሉ ለሲኒማ ቤት በሚሆን ፊልም እንደገና መታተም፣ ድምፁም እንደገና መቀናበር ነበረበት። ይህ ሥራ የ7,000ውን ብዙ እጥፍ በላ። የማስታወቂያው ወጪ ደግሞ ሌላ ነው።

ቤት የሠራ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ሲለብስ «አለቀ» እንባባላለን። ከዚያ ፊኒሺንግ ይመጣል። ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነው። 7,000 ዶላር እስከ ጣሪያው ድረስ ያለው ሂሳብ ነው። ሮድሪጌዝ ራሱ ይህን አልደበቀም፤ በ1995 ባወጣው መጽሐፍ ወጪውን ዘርዝሮ ጽፎታል። ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ ሄደ።

ገንዘቡን ማን ይሰጣቸዋል?

በአብዛኛው መዋጮ ነው። ጆን ካሳቬቴስ በ1957 ኒውዮርክ ውስጥ በሌሊት የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ስለ ሰዎች እውነተኛ ፊልም ማየት የምትፈልጉ አንድ፣ ሁለት ዶላር ላኩልኝ አለ። አድማጮች ላኩለት። የመጀመሪያ ፊልሙ «ሻዶውስ» የተጀመረው በዚህ ነው። 40 ዓመት ያህል ቆይቶ ዳረን አሮኖፍስኪም ተመሳሳይ ነገር አደረገ። ለ«ፓይ» ከዘመድና ከወዳጅ 100፣ 100 ዶላር ሰበሰበ። ፊልሙ በ1998 ሲሸጥ ለእያንዳንዱ 150 መለሰለት።

ወንድማማቾቹ ኮይኖች የሄዱበት መንገድ ግን በጣም ይገርመኛል። «ብለድ ሲምፕል»ን ከመቅረጻቸው በፊት ማስታወቂያውን ቀረጹ። ፊልም የለም፤ የፊልሙ ቅንጭብ ግን አለ። ያን የጥቂት ደቂቃ ቅንጭብና ማሳያ መሣሪያውን ተሸክመው በሚኒያፖሊስ አካባቢ ሐኪሞችን፣ ነጋዴዎችን፣ የሕግ ሰዎችን በየቤታቸው እየዞሩ አሳዩ። ሰው ያላየውን ነገር አይገዛም፤ ትንሽ ሲያይ ግን እጁ ይፈታል። በ1984 የወጣው ፊልም ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት።

ሒሳቡ ውስጥ የማይገባው ምንድን ነው?

«ሠርጉ ስንት ፈጀ?» ሲባል የበሬው፣ የጤፉ፣ የመጠጡ ዋጋ ይነገራል። ሽንኩርት ሲልጡ ያደሩት ጎረቤቶች፣ ድንኳን የተከሉት የሰፈር ልጆች፣ መኪናውን ያዋሰው አጎት አይቆጠሩም። የትንሽ በጀት ፊልምም እንደዚሁ ነው።

ስፓይክ ሊ በ1985 ክረምት ብሩክሊን ውስጥ «ሺዝ ጋታ ሃቭ ኢት»ን ሲቀርጽ ሙዚቃውን የሠራለት አባቱ ነው። እህቱ ተዋናይ ናት። እሱም ራሱ ተወነ። ባዶ ጠርሙስና ጣሳ አይጣልም ነበር፤ ተሰብስቦ ለመያዣው ገንዘብ ይመለሳል። በጀቱ 175,000 ዶላር ነበር። ፊልሙ በ1986 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የአባትና የእህት ውለታ በገበያ ዋጋ ቢሰላ 175,000ው እንደማይበቃ ግልጽ ነው።

ኬቪን ስሚዝ ደግሞ ኒው ጀርሲ ውስጥ የአንድ ትንሽ ሱቅ ሻጭ ነበር። «ክለርክስ»ን የቀረጸው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ቀን ይሸጣል፤ ሌሊት ይቀርጻል። ችግሩ የፊልሙ ታሪክ ቀን ላይ ነው የሚሆነው፤ ውጪው ግን ጨለማ ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ውስጥ ቁልፉ ማስቲካ ተለጥፎበት የሱቁ መስኮት መዝጊያ አልከፈት እንዲል አደረገ። መስኮቱ ከተዘጋ ጨለማው አይታይም። 27,575 ዶላሩ በብዛት ከክሬዲት ካርድ የመጣ ነው። ክሬዲት ካርድ ወለድ ያለበት ብድር ነው፤ ፊልሙ ባይሸጥ ዕዳው የሚቀረው በእሱ ላይ ነበር። ስሚዝ ተሳካለት። ሳይሳካላቸው ዓመታት ዕዳ የከፈሉትን ግን ማንም እንደ ምሳሌ አይጠቅሳቸውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የ«ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ነው። የሁለቱ ዳይሬክተሮች የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ነው። በ1997 ሜሪላንድ ጫካ ውስጥ በ8 ቀን ተቀረጸ። ካሜራውን የያዙት ተዋናዮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ንግግሩንም በአብዛኛው እነሱው ፈጠሩት። በ1999 ሲወጣ በዓለም ዙሪያ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ሦስቱ ተዋናዮች ከዚህ የደረሳቸው በጣም ጥቂት ነው። በ2024፣ ከ25 ዓመት በኋላ፣ የሚገባን ይከፈለን ብለው በይፋ ደብዳቤ ጻፉ።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ እንዴት ይሸጣል?

እዚህ ላይ ነው ሰንዳንስ የሚመጣው። ፌስቲቫሉ በ1978 በሌላ ስም ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ተጀመረ። በ1981 በረዶ ወደሚበዛባት ወደ ፓርክ ሲቲ ሄደ። የሬድፎርድ ተቋም የተረከበው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። መጀመሪያ አካባቢ የፊልም ወዳጆች መገናኛ እንጂ ገበያ አልነበረም።

ገበያ ያደረገው በአብዛኛው አንድ ፊልም ነው። ስቲቨን ሶደርበርግ ስክሪፕቱን በ8 ቀን ጽፎ፣ በ1.2 ሚሊዮን ዶላር «ሴክስ፣ ላይስ ኤንድ ቪዲዮቴፕ»ን ሠራ። ተኩስ የለበትም፤ መኪና አይገለበጥም። አራት ሰዎች ናቸው፤ በብዛት ያወራሉ። በ1989 ፓርክ ሲቲ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የካን ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት አሸነፈ። ሶደርበርግ 26 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ከወጪው 20 እጥፍ ገደማ አስገባ። ከዚያ ወዲህ የአከፋፋዮች ሰዎች ጥር በመጣ ቁጥር ፓርክ ሲቲ ሄደው በረዶ ላይ መሰለፍ ጀመሩ።

አከፋፋይ ማለት ፊልሙን ከሠሪው ተረክቦ ሲኒማ ቤት የሚያስገባ፣ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ነው። ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሆነ ገንዘብ ይከፍላል። «ፊልሙ 7 ሚሊዮን አስገባ» ስትሰሙ ዳይሬክተሩ 7 ሚሊዮን አገኘ ማለት አይደለም። ከትኬቱ ግማሽ ገደማውን ሲኒማ ቤቱ ይይዛል። ከቀረው አከፋፋዩ ድርሻውንና የማስታወቂያ ወጪውን ያነሣል። ቀጥሎ ገንዘብ ያበደሩ ሰዎች ይመጣሉ። ሠሪው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ የቅድሚያው ክፍያ ለብዙዎች የሚያዩት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ገንዘብ ነው።

ጥሩ ፊልም ሠርቶ መቅረት አለ?

አለ። የሚያስቀረውም ወረቀት ነው።

ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 ፒትስበርግ አካባቢ በ114,000 ዶላር ገደማ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን ሠራ። ዛሬ የምናያቸው የዞምቢ ፊልሞች ሁሉ አባት ነው። በመጨረሻ ሰዓት የፊልሙ ስም ተቀየረ። ስሙ ሲቀየር የባለቤትነት ምልክቱ የነበረበት ጽሑፍ ወጥቶ አዲሱ ላይ ሳይመለስ ቀረ። በጊዜው የአሜሪካ ሕግ ያ ምልክት ከሌለ ፊልሙ የሕዝብ ነው ይል ነበር። ማንም ገልብጦ ሊሸጠው ቻለ። ሸጠውም።

የቻርልስ በርኔት ግን ከዚህም ይለያል። በርኔት የሎስ አንጀለሱ የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ያደገበትን ዋትስ ሰፈር በመመረቂያ ፊልሙ ሊያሳይ ተነሣ። ቅዳሜና እሑድ እየጠበቀ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ገንዘብ ቀረጸ። ጻፈ፣ ካሜራ ያዘ፣ ኤዲት አደረገ። ተዋናዮቹ በአብዛኛው የሰፈር ሰዎች ናቸው። «ኪለር ኦቭ ሺፕ» ይባላል። ስለ አንድ የበግ ቄራ ሠራተኛ ነው። ድካሙ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል፤ እንቅልፍ የለውም።

አንድ ትዕይንት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ይህ ሰውና ጓደኛው ያጠራቀሟትን ገንዘብ ከፍለው ያገለገለ የመኪና ሞተር ይገዛሉ። ደረጃውን ተሸክመው፣ ጣታቸው እየተጨፈለቀ፣ እያቃሰቱ ያወርዱታል። የመኪናው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡታል። መኪናው ሲነሣ ሞተሩ ወድቆ ይሰበራል። ቆመው ያዩታል። ከዚያ ጥለውት ይሄዳሉ። ስለ ድህነት ብዙ ፊልም አይቻለሁ፤ እንዲህ በጥቂት ደቂቃ ሁሉን የተናገረ አላገኘሁም።

በርኔት ፊልሙን በ1977 ጨረሰ። በ1981 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የሐያስያን ሽልማት አገኘ። በ1990 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው የአገሪቱ ፊልሞች አንዱ ብሎ መዘገበው። ሲኒማ ቤት ግን አልገባም። ምክንያቱ ሙዚቃው ነው። በርኔት የዳይና ዋሽንግተንን፣ የፖል ሮብሰንን፣ የሌሎችንም ዘፈኖች ተጠቅሟል። የተማሪ ፊልም ስለነበር ፈቃድ ስለ መግዛት አላሰበም። ዘፈን ግን ባለቤት አለው፤ ትኬት በሚቆረጥበት ቦታ ከታየ ባለቤቱ መከፈል አለበት። የሙዚቃው ፈቃድ በመጨረሻ ሲገዛ 150,000 ዶላር ገደማ ፈጀ። ከፊልሙ በጀት ከ15 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው በ2007 ነው፤ ካለቀ ከ30 ዓመት በኋላ።

ከመጀመሪያው በኋላ ሁለተኛው ይመጣል?

ለሁሉም አይመጣም። ሮድሪጌዝ፣ ኮይኖች፣ ሶደርበርግ ቶሎ ቀጠሉ። ጁሊ ዳሽን እንያት። እሷም የዩሲኤልኤ ልጅ ናት። በ1991 የወጣው «ዶተርስ ኦቭ ዘ ደስት» በአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ሲኒማ ቤት የገባ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። ሰንዳንስ ላይ ለምስሉ ተሸልሟል። ታዳሚው ወዶታል። ከዚያ በኋላ ግን ዳሽ የሠራችው በብዛት ለቴሌቪዥን ነው። የሲኒማ በር እንደ እኩዮቿ አልተከፈተላትም። የመጀመሪያ ፊልም ቋጠሮውን ይፈታል ያልኩት ለሁሉም እኩል የሚሠራ አይደለም።

ዛሬስ በስልክ ከተቀረጸ አይቀልም? ቀረጻው በጣም ቀሏል። ሮድሪጌዝን ያስጨነቀው የጥሬ ፊልም ወጪ ጠፍቷል። የሙዚቃ ፈቃድ፣ የድምፅ ቅንብር፣ የተዋናይ ውል፣ አከፋፋይ ፍለጋ ግን ባሉበት ናቸው። ከመቅረጻችሁ በፊት ውሉን ተፈራረሙ፤ ዘፈኑን ከመጠቀማችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። በርኔትን ያስቆመው ካሜራ አይደለም።

አከፋፋይ ጨርሶ እምቢ ቢልስ?

ለዚህ መልሱን ያሳየን የጎንደር ሰው ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1967 አሜሪካ ሄዱ። በኋላ ዩሲኤልኤ ገብተው ከበርኔት ጋር አብረው ተማሩ። የመመረቂያ ፊልማቸው «ቡሽ ማማ» ላይ ካሜራ ከያዙት አንዱ በርኔት ነው። ቡድኑ መንገድ ላይ ሲቀርጽ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች አስቁመው ፈተሹት። ካሜራው ያንንም ቀረጸ፤ ኃይሌ የፊልሙ መክፈቻ ላይ አስገቡት። በ1974 ደግሞ ኢትዮጵያ መጥተው በሁለት ሳምንት ገደማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ።

በ1993 ስለ ባርነት የሠሩትን «ሳንኮፋ»ን ይዘው ሲወጡ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልፈለጉትም። ኃይሌ አልጠበቁም። ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራዩ። በየከተማው ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰቦች ሰውን ጠሩ፤ ወሬውን በአፍ አዛመቱ። ፊልሙ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ አንዳንድ ቦታ ለሳምንታት ቆየ። ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆነው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት መደብር ከፈቱ። መጻሕፍትና ፊልም ይሸጣል፤ ቡናም አለ። ስሙ ሳንኮፋ ነው።